አጥንት ውስጥ ያደረ እርሳስ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ በየከተማው የብረት በር የሚሠራ ቤት አያጣም። አዲስ የተበየደው የግቢ በር አጥሩ ላይ ተደግፏል። ጎረምሳው መጀመሪያ ቀዩን አንቲረስት ይለቀልቀዋል፤ ሲደርቅ አረንጓዴውን ይደርብበታል፤ ጠርዙንና ጌጡን በቢጫ ያወጣዋል። ቤት የሠራ ሰው ኩራቱ በሩ ላይ ይታያልና ቢጫው አይቀርም። ለዕድሳት የመጣ አሮጌ በር ግን ሌላ ሥራ አለው። የድሮው ቀለም በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ዱቄቱ በሠራተኛው ፀጉር፣ በቱታው፣ አጠገቡ በተሰጣው በርበሬ ላይ ያርፋል። ማታ ቱታው ቤት ይገባል። ቤት ውስጥ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ካለች፣ ያንን ቱታ አራግፋ የምታጥበው እርሷ ናት።

የቢጫ ቀለም ድምቀት ለረጅም ዘመን የተገኘው እርሳስ ክሮሜት ከሚባል ውሁድ ነው። ዝገት የሚከላከለው ቀዩ ቀለምም ከእርሳስ ኦክሳይድ ይሠራ ነበር። የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ሲፈለግም እርሳስ ይጨመርበት ነበር። የቀለምን እርሳስ በመገደብ ረገድ ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ ሀገራት ቀድማለች፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ቁጥር 429/2010 መሠረት በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም መብለጥ የለበትም፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ከ90 ሚሊግራም አይበልጥም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ሀገር በቀል ድርጅት የዘይት ቀለም ከሱቅ እየገዛ በላቦራቶሪ ሲያስመረምርና ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ ቆይቷል። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው። የሚመለከተው ግን ከዚያ ወዲህ የሚመረተውንና የሚሸጠውን ቀለም ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተቀባው በር፣ መስኮት፣ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበርና የሕፃን አልጋ እስካሁን አለ፤ እየተላጠም ነው።

ሰውነታችን በጥቂቱ የሚፈልጋቸው ማዕድናት ብዙ ናቸው። ብረት ደም ይሠራል፤ ዚንክ ቁስል ያድናል፤ አዮዲን እንቅርት ይከላከላል። እርሳስ ግን በሰው ሰውነት ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ጉዳቱ የሚጀምረው ካልሲየም መስሎ ስለሚገባ ነው። ሰውነት ሁለቱን በቅጡ አይለያቸውም፤ ስለዚህ ካልሲየም የሚሄድበት ሁሉ እርሳስም ይሄዳል፤ ወደ ነርቭ፣ ወደ አንጎል፣ ከሁሉ በላይ ወደ አጥንት። በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። አንድ ጎልማሳ በሰውነቱ ካከማቸው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አጥንቱ ውስጥ ነው፤ በሽታ ሆኖ አይታይም፤ አያምም፤ ሐኪም ደም ቢመረምርም ሙሉ በሙሉ አይደርስበትም።

ይህ ማከማቻ የሚከፈትባቸው ጊዜያት አሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁ እርግዝና ነው። ጽንስ አጥንቱን ለመሥራት እስከሚወለድ ድረስ 30 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፤ አብዛኛውንም የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። እናቲቱ ከምግብ በቂ ካላገኘች ከአጥንቷ ይወሰዳል። ከካልሲየሙ ጋር እርሳሱም ይነቀልና ደም ውስጥ ይገባል። የእንግዴ ልጅ አያግደውም። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ ሲወለድ በእትብቱ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠንም ከእናቲቱ ደም ብዙም አያንስም።

ይህንን በአሳማኝ ሁኔታ ያሳየው አውስትራሊያዊው የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪ ብራያን ገልሰን ነው። የአውስትራሊያ እርሳስ በብዛት ከብሮክን ሂል ማዕድን የወጣ በመሆኑ የአይሶቶፕ ይዘቱ ከሌላው ዓለም እርሳስ ይለያል። ገልሰን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አውስትራሊያ የፈለሱ ሴቶችን ከእርግዝና በፊት፣ በእርግዝና ወቅትና ከወለዱ በኋላ ተከታተለ። በደማቸው ውስጥ ያገኘው እርሳስ የየት ሀገር እንደሆነ ከአይሶቶፑ መለየት ይችል ነበር። ውጤቱ የሚያስገርም ሆነ። ሲያረግዙ የደማቸው እርሳስ በአማካይ 20 በመቶ ያህል ጨመረ፤ የጨመረውም ትተውት የመጡት ሀገር እርሳስ ነበር። ጡት በሚያጠቡበት ወቅትም መፍሰሱ ቀጠለ። እነዚያ ሴቶች በቀን የሚመገቡት ካልሲየም አነስተኛ እንደነበርም ተመዝግቧል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ሀገራችን እንምጣ። መኪና በእርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚን ሲጠቀም የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከሰሃራ በታች ያሉ ሀገራት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ዳካር ላይ ተስማምተው ያንን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የተዉት እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ነው። በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን ያቆመችውም በ2021 ነው። ስለዚህ በልጅነቷ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ወይም መርካቶ አካባቢ ያደገች፣ የዚያን ዘመን ጭስ የሳበች ልጅ ዛሬ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ነች። ወይ ቢቸና ተድራ፣ ወይ ሞጣ በመምህርነት ተመድባ ትኖር ይሆናል። የምትጠጣው ውኃ የምንጭ ውኃ፣ የምትተነፍሰው አየር የጮቄ ንፋስ ቢሆንም አጥንቷ የልጅነቷን ሰፈር ይዞ መጥቷል። ጎጃም ገጠር ያደገችው ደግሞ ከዚያ ጭስ ተርፋለች፤ ከሌሎቹ ምንጮች ግን ያመለጠች አይመስለኝም።

ስለ ሌሎቹ ምንጮች ከመናገሬ በፊት ስለ ሆድ ልናገር፤ ለእኛ ሀገር ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛልና። አንድ ጎልማሳ ከምግብ ጋር የዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ከ10 በመቶ ባልበለጠ መጠን ነው። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ ሊገባ ይችላል። ይህ በሰው ላይ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። አሁን በሁዳዴ ጾም ማለዳ ተነሥታ፣ ቤት ጠርጋ፣ የባሏን ቱታ አጥባ፣ በርበሬ ደልዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ የምትቆየውን ነፍሰ ጡር እናስብ። እጇ ላይ የቀረው አቧራ ወደ አፏ የሚሄደው ያለ አንዳች ምግብ ነው። ስትፈታም ጾሙ የወተት ተዋጽኦ አይፈቅድምና ካልሲየም ከምታገኝባቸው ምግቦች ዋናው የለም። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያት፣ ፍልሰታ ሲደመሩ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ሞጣ ውስጥ ረመዳንን የምትጾም ሙስሊም ነፍሰ ጡርም ያው ባዶ ሆድ አላት።

ይህን ስል ጾም አይጾም ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት በር ከፍተዋል፤ በኦርቶዶክስ የንስሐ አባት ፈቃድ ይሰጣል፤ በእስልምናም ላልጾመችው ቀን ማካካሻ አለው። ችግሩ ጎጃም ውስጥ ብዙ ሴት ፈቃዱን የማትጠይቅ መሆኑ ነው። ጾም አፍርሳ ብትወልድና ልጁ ቢታመም ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሥጋት ከሐኪም ምክር ይበረታል። ስለዚህ ጉዳዩ የቄሶችም ጉዳይ ነው። አንድ የንስሐ አባት በሁለት ደቂቃ ንግግር የሚያስገኘውን ውጤት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሁለት ወር ላታገኘው ትችላለች።

እንደ ዕድል ሆኖ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ የተሻለ ካልሲየም አለው፤ ቢቸና ደግሞ የጤፍ ሀገር ነው። የእነማይ ገበሬ ከዚህ በኩል ሚስቱን ሳያውቀው ጠብቋታል። ብረትም ነገሩ ውስጥ አለበት። ደም ያነሳት ሴት ሆዷ ብረት ፍለጋ በሚከፍተው በር እርሳስም ይገባል። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች 24 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ነበረባቸው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረት ኪኒን ‹‹ልጁን ያገዝፈውና ምጥ ይጠናብኛል›› ተብሎ መደርደሪያ ላይ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ያ ኪኒን ከደም ማነስ ባሻገር እርሳስንም እንደሚከላከል ለእናቶች ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ካልሲየምን በተመለከተ ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርቶ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ ሙከራ አለ፤ ከመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጀምሮ በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም የወሰዱ ሴቶች የደም እርሳሳቸው ካልወሰዱት በአማካይ 11 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ካልሲየም በአነስተኛ መጠን ለሚመገቡ ነፍሰ ጡሮች ለደም ግፊት መከላከያ ይመክረዋል።

አምሮትም አለ። አፈር፣ ከግድግዳ የተላጠ ጭቃ፣ ጠመኔ የሚያምራት ነፍሰ ጡር ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ዝናብ መታ ያደረገው የአፈር ሽታ እስኪያሰክራት የምትደርስ አለች። የገጠሩ ቀይ አፈር ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ከጋራዥ ጓሮ፣ ከአስፋልት ዳር ወይም ቀለሙ ከሚላጥ ግድግዳ ሥር የተነሣው ግን ሌላ ነው። አምሮት ብዙውን ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነውና ሴትየዋን መቆጣት ምንም አይፈይድም፤ ኪኒኑን መስጠት ይፈይዳል።

አሁን ወደ ሌሎቹ ምንጮች ልመለስ፤ ከአንድ ድልድይ እጀምራለሁ። ከሞጣ ወደ ሰሜን ወርዶ ዓባይን የሚሻገረው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1660 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የጎጃምና የጎንደር ሰው የሚገናኘው በገመድ ነበር፤ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ከአንዱ ስባሪ ወደ ሌላው በሰዎች ጉልበት ይሳባል። ነፍሰ ጡርም እህልም ፍየልም እንዲሁ ተሻግሯል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ በአቅራቢያው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በድልድዩ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱ እናቶች ይሻገራሉ፤ ጥሩ ነገር። ሸቀጥም ይሻገራል። የፕላስቲክ ጀሪካን፣ የሶላር መብራትና ባትሪ፣ አዲስ ብረት ድስት፣ የተዋበ ቆርቆሮ ሣጥን። እርሳስ በዚህ ዘመን የሚጓዘው ከንግድ ጋር ነው፤ መንገድ የገባበት ገጠር ከከተማው ጉዳት ድርሻውን ያገኛል።

ብረት ድስቱን እንውሰድ። ስሙ ብረት ቢባልም አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው የሞተር ክፍል፣ የተሰበረ ድስት፣ የራዲያተር ቁራጭ፣ ሽቦ አንድ ላይ ይቀልጣል፤ በእርጥብ አሸዋ ቅርጽ ላይ ይፈስሳል፤ ሲበርድ ጠርዙ ተሞርዶ ለገበያ ይወጣል። ማን ምን እንደጨመረ አይታወቅም። ካሜሩን ውስጥ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ ጥናት እንዲህ ያሉ ድስቶች በኮምጣጣ ፈሳሽ ሲፈሉ እርሳስ እንደሚለቁ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 ሀገራት በተሰበሰቡ 42 ዕቃዎች ላይ በተደረገ ፍተሻ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለጤና የሚያሠጋ እርሳስ ለቀቁ። ቲማቲም የበዛበት ወጥ ኮምጣጣ ነው፤ ድስቱ ውስጥ አድሮ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ላይ አያቶቻችን የበለጡን ይመስለኛል። የሜክሲኮ ሸክላ እርሳስ ባለው አንጸባራቂ ቅብ ስለሚለበጥ እዚያ ዋናው የመመረዝ ምንጭ እርሱ ነው። የእኛ ሸክላ ድስት ግን ቅብ የለውም፤ በእሳትና በጭስ ብቻ የጠቆረ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሆን ድስት ከተባለ እርሱ ነው።

ኩልም አለ። ሙሽራ የምትኳለው፣ አራስ የምትደምቅበት፣ አንዳንዴም ሕፃን ዓይኑ እንዲጠራ ተብሎ የሚቀባው ጥቁር ዱቄት በአንዳንዱ ገበያ ከአንቲሞኒ ይመጣል፤ ከውጭ የሚገባው ብዙ ዓይነት ግን እርሳስ ሰልፋይድ ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ የተገኘበት ናሙና አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሽያጩን አይፈቅድም። ዱቄቱ በዓይን በኩል ከሚገባው በላይ በእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ሕፃን ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። ሴት ልጅ አትኳል ማለት አልችልም፤ የሕፃን ዓይን ግን ይተው።

ከሁሉ የከፋው ባትሪ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነው፣ ፓን ኢትዮጵያም በተሳተፈበትና በካሜሩን፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በተካሄደው የአሮጌ ባትሪ ጥናት እንደታየው አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፤ ሣጥኑ በፋስ ይሰበራል። ሴኔጋል ውስጥ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ሴቶች ከባትሪ ቦታ አፈር እያበጠሩ እርሳስ ይለቅሙ ነበር፤ ከ2007 ማብቂያ እስከ 2008 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ 18 ሕፃናት ሞቱ። በእኛ ሀገር ዋናው ማስረጃ ከጋራዥ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በትራንስፖርት ድርጅቶች ባትሪ የሚጠግኑ ሠራተኞች ደም በአማካይ በዴሲሊትር ወደ 20 ማይክሮግራም እርሳስ ነበረው፤ ከባትሪ ጋር የማይገናኙት ደግሞ ወደ 11። በ2012 በወጣው የጅማ ጋራዥ ሠራተኞች ጥናት ዝቅተኛው ከ11 በላይ፣ ከፍተኛው ከ36 በላይ ሆኖ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ የሚመክረው ከ5 ጀምሮ ነው፤ ጉዳት የማያደርስ መጠን እንደሌለም ይናገራል። ከባትሪ ጋር ያልተገናኙት የአዲስ አበባ ሰዎች ራሳቸው የዚያ እጥፍ ደማቸው ውስጥ ነበራቸው።

ሠራተኞቹ በብዛት ወንዶች ናቸው። ሚስቶቻቸውን የለካ ጥናት ግን እኔ አላገኘሁም። ቱታው ቤት እንደሚገባ፣ ሕፃኑ አባቱ ሲመጣ ጉልበቱን እንደሚያቅፍ ሁላችንም እናውቃለን።

በጎጃም ምድር ማንሣት የሚከብድ አንድ ምንጭ ቀረ፤ በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት። ሐኪም ቁስሉን አድኖ ‹‹ይህስ ባይወጣ ይሻላል›› ብሎ የተወው ስባሪ በተለይ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ቀስ በቀስ እየሟሟ ለዓመታት እርሳስ ይለቃል። የግጭት ዓመታት ያሳለፈች ሴት ስታረግዝ ይህ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄው ግን የፖሊስ ጥያቄ እንዳይመስል አዋላጇ ብልሃት ያስፈልጋታል።

ጉዳቱስ ምን ያህል ነው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሼፊልድ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ሴቶች እርሳስ ያለበትን የቁስል ልስን እየዋጡ ጽንስ ያስወርዱ ነበር፤ እርሳስ ጽንስ እንደሚያስወርድ በሰፊው የታወቀ ነበር ማለት ነው። በዘመናችን ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የተሠራውና በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት የነፍሰ ጡሯ ደም እርሳስ በ5 ማይክሮግራም በጨመረ ቁጥር ጽንሱ የመጨንገፍ ዕድሉ በ1.8 እጥፍ እንደሚያድግ አመለከተ። የእርግዝና ደም ግፊት ያነሣሣል፤ ያለጊዜ መውለድና ክብደቱ የቀነሰ ልጅ ያመጣል። ለልጁ አእምሮ የሚያደርሰው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው። ቦስተን ላይ ተመራማሪዎቹ ቤሊንገርና ኒድልማን ከእትብት ደም ጀምረው የተከታተሏቸው ልጆች በሁለት ዓመታቸው የአእምሮ እድገታቸው ሲፈተን ብዙ እርሳስ ይዘው የተወለዱት ዝቅተኛ ከነበራቸው 5 ነጥብ ያህል አነሱ፤ ጥናቱ የወጣው በ1987 (እ.ኤ.አ.) ነው። አምስት ነጥብ ለአንድ ልጅ ማንም ላያስተውለው ይችላል፤ ወላጅ ልጄ ትምህርት አይገባውም ብሎ ያልፈዋል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) እንዳመለከቱት ግን በዓለም ላይ ከሦስት ሕፃናት በአንዱ ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ አለ።

አሁን ወደ ጡት እንምጣ፤ በዚህ ላይ ጥንቃቄ የጎደለው ጽሑፍ ከእርሳሱ ባልተናነሰ ይጎዳልና። ኬንያዊቷ ፊሊስ ኦሚዶ ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል ሰፈር ባለ የባትሪ ማቅለጫ ትሠራ ነበር። የምታጠባው ልጇ ታመመ፤ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ እርሳስ ሆኖ ተገኘ፤ ከጡቷ ወተት መሆኑም ተነገራት። እርሷም ማቅለጫው እንዲዘጋ ታገለች፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ፤ በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት፤ በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ወሰነ። ታሪኩ በሰፊው ስለታወቀ ‹‹እርሳስ ካለ ጡት አታጥቢ›› የሚል ምክር ከዚህ የሚወጣ ሊመስል ይችላል። አይወጣም።

እርሳስ ከእናት ደም ወደ ወተቷ የሚያልፈው በጥቂቱ ነው፤ በደሟ ካለው ከ3 በመቶ ብዙም አይበልጥም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ እናት ጡት እንዳታጠባ የሚመክረው የደሟ እርሳስ 40 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ እስኪወርድ ድረስም ወተቷን እያለበች ትደፋለች። ከ5 እስከ 39 ከሆነ እያጠባች የሕፃኑ ደም እየተለካ ይታያል። ይህን ከጅማው ቁጥር ጋር እናስተያየው። በዚያ ጥናት ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው የጋራዥ ሠራተኛ የምታጠባ እናት ቢሆን ኖሮ እንኳ ከማጥባት አይከለከልም ነበር። ጡት የተወችው እናት ምትክ የምታደርገው ምንድን ነው? የዱቄት ወተት በማይታመን ውኃ ተበጥብጦ፣ በዚያው ብረት ድስት ተሞቆ። ይህ ከጡቱ የባሰ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ተቅማጡ ደግሞ የተረጋገጠ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጆ ለጎጆ ዞረው ለአራስ ቅቤ ማስዋጥ ይቅር፣ እንገሩ አይደፋ፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እያሉ ለፍተዋል። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ዳሰሳ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶ የሚሆኑት ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ይህንን ድካም በአንድ አስፈሪ ወሬ ማፍረስ ኃጢአት ነው። ጡቱ ይቀጥል፤ የሚፈለገው ምንጩ ነው።

ምንጩን የሚፈልግ ግን የለም። ሞጣ ወይም ቢቸና ሆስፒታል ለክትትል የመጣች ነፍሰ ጡር ክብደቷ ይለካል፤ ግፊቷ ይታያል፤ ከጣቷ ወይም ከክንዷ ደም ተወስዶ ለደም ማነስ፣ ለቂጥኝ፣ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ፣ ለደም ዓይነት ይመረመራል። እርሳስ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በሀገር አቀፉ መመሪያም የለም። ግፊቷ ሲጨምር መድኃኒት ይሰጣታል፤ ልጁ ሲያንስ ሚዛን ላይ ይጻፋል፤ ‹‹ከምን መጣ?›› የሚለው አይነሣም። ሁሉም የእርሳስ ጉዳት ነው ለማለት አይደለም፤ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ እርሱ ሆኖ ሳለ ከቶ አለመጠየቁ ግን ልክ አይደለም። በጠብታ ደም እርሳስን በደቂቃዎች የሚለካ ትንሽ መሣሪያ በሌላው ዓለም ጤና ጣቢያዎች አገልግሎት ላይ ነው። ለነፍሰ ጡር ሁሉ ይገዛ አልልም። አንድ መሣሪያ ለደብረ ማርቆስ፣ በጋራዥና በብረታ ብረት ቤቶች ዙሪያ ያሉትን እናቶች ለመለካት ቢገዛ ግን ቢያንስ የት እንዳለን እናውቅ ነበር።

እስከዚያው በቤት የሚሠራው ብዙ ወጪ የለውም። ጋራዥ ወይም ቀለም ቤት የሚሠራ አባት ቱታውን እዚያው አውልቆ፣ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ይግባ፤ ልጁን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ቱታው ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብ፤ ነፍሰ ጡሯም አታጥበው። የሚላጥ በር አይፋቅ፤ መፋቅ ካለበት ውኃ እየተረጨ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን በሌሉበት ይሁን። ወለል በደረቁ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ ለተቅማጥ ብቻ ተብሎ አይታሰብ።

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በእናቶች መከታተያ ካርድ ላይ የሴትየዋ ዕድሜ፣ የወለደችው ብዛት፣ የመጨረሻ የወር አበባዋ ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያው ሥር አንድ መስመር ይጨመር፦ ባለቤትሽ ምን ይሠራል፣ አንቺስ? ጥያቄው ላቦራቶሪም ሆነ በጀት አይፈልግም፤ በሚቀጥለው የካርድ ኅትመት ላይ ሊገባ ይችላል።